የተቀማ ጠረጴዛ

ከጥቅምት ጀምሮ ጠረጴዛ የለኝም፣
እንደ ሰው ተቀምጬ እራት በልቼ አላውቅም።
ሳህኑን ጉልበቴ፣ ሹካውን መዳፌ፣
ሻዩን የመስኮት ጠርዝ፤ ሲያቃጥለኝ አፌ።
ክሌመንት ወረሰው የእናቴን ጠረጴዛ፣
የፕላስቲክ ጡቡ ከቀን ቀን እየበዛ።

የልጅ መጫወቻ! የልጅ ልጄ ሮዌና
ሳጥኑን ጣሪያ ሥር ትታው ሄደችና፣
ጥቁር ከግራጫ ሲለይ ይውላል ቀኑ፣
በእንቁላል ካርቶን ውስጥ፣ በየወገን በየወገኑ።
ዕድሜው ሰባ ዘጠኝ፤ ዓይኑ በመነጽር፣
ጣቱ እንደ ዝንጅብል፣ ሲለካ ሲቆጥር፦
«ባለ ሁለት በአራት አሥራ ሰባት ጎደለ፣
ቀለሙም ልክ አይደል» እያጉተመተመ እያለ፦
«ይኼ ሰላጣ ነው! ይኼ ነው አረንጓዴ?
ባቡር እንደ ጎመን ይለቀማል እንዴ?»

የባሰው ጭንቅ ግን የቦይለሩ ነገር፦
ከአራት ማዕዘን ጡብ ክብ ሆድ መፍጠር።
ሦስት ጊዜ ካበው፣ ሦስት ጊዜ ፈረሰ፤
በአራተኛው ጡቡን ወደ ጎን መለሰ።
ሆዷ ተነፋላት፣ እንደ በርሜል ሞላ፤
እኔም ሳላስበው «ጎሽ!» አልኩት ከኋላ።

አንዲት ጡብ ብትጠፋ፣ ምስር የምታህል ጥቁር፣
የምንጣፍ መጥረጊያዬን ሆድ ከፍቶ ሲበረብር፣
አገኛት በስንት መከራ ከድመት ፀጉር መሃል፤
ሳማት። እኔን እንዲህ ከሳመኝ ስንት ዓመት ሆኖታል?

ስድስቱ ጎማዎች በፖስታ ከሊድስ
እስኪመጡ ድረስ በር ሲመላለስ፣
ግሪምሾ ፖስተኛው «መድኃኒት ነው?» አለኝ፤
«ሳይሆን አይቀርም» ስል ሳቄ አመለጠኝ።

እስከዚህ ጨዋታ ነው።

ጎረቤት ሲያወራ፦ «ባቡር ሠሪ ነበር፣
አባቱም አያቱም፣ እዚሁ ዶንካስተር።»
የአባቱ እውነት ነው፤ የአያቱም እውነት።
እሱ ሃያ ሳይሞላው ሞተ እንፋሎት፣
ናፍጣ ነገሠ። መዶሻ አልሰጡትም፤ የሰጡት ነበልባል፤
ቆመው የመጡትን እየከተፈ ይጥላል፣
መጀመሪያ አንገቷን፣ ቀጥሎ ደረቷን፣
ብልት እንደሚያወጣ ሰው ለይቶ አጥንቷን።

አንዷ ግን በራሷ እሳት ነድዳ መጣች፣
የመቃብሯ ደጅ በእግሯ ሄዳ ቆመች።
ነጂዋም ወረደ፣ ጓንቱን አወለቀ፣
ጎኗን መታ መታ አድርጎ ራቀ።
ሰውነቷ ሳይበርድ ቆረጣት።

ይህን የነገረኝ በሠላሳኛው ዓመታችን ነው፣
አንድ ሌሊት፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፤ ደግሞም አላነሳው።
ቁጥሯን ግን እሰማለሁ፤ በእንቅልፉ ይጠራታል፦
ስድስት፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት... ከዚያ ይገላበጣል።

ትናንት ጧት ስነሳ ዝናቡ እንደያዘ፣
እሱ ወንበሩ ላይ አንገቱ ተንጋዶ እንደፈዘዘ፣
ቆማለች። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ትሆናለች፤
ጎመን መስላ፣ በቀይ ጎማ፣ ታበራለች።
በጎኗም ያ ቁጥር፣ በደቃቅ ነጭ ጽሑፍ።
ጮክ ብዬ አላነበብኩትም፤ እሱ ገና በእንቅልፍ።
ጣቴን ሆዷ ላይ ባኖር፣ ትሞቃለች!
ደነገጥኩ። ለካስ መብራት ሥር ነው ያደረች።

ሲነቃ በጣቱ ገፋት፤ ተንቀሳቀሰች፣
የጎን ዘንጓ ዞሮ ጨው ዕቃው ጋ ደረሰች፣
ኩርባው ላይ ግን አቃታት፣ የፊት ጎማዋ አልዞር ብሎ።
«ይታረማል» አለ፣ ፊቱን አዙሮ ቶሎ።

«እንግዲህ» አልኩት፣ «ጠረጴዛዬን መልስልኝ፤
እሑድ ሮዌና ትመጣለች፣ ጥብስ አለብኝ።»
ዝም አለ። ጨው ዕቃውን ነካ ነካ እያደረገ፣ ፈራ ተባ እያለ፦
«ፉርጎዎቹስ? ብቻዋን ትሂድ?» አለ።

የእንቁላል ካርቶኑን ሳብኩ። መነጽሬን አደረግኩ።
ጥቁሩን ከግራጫው መልቀም ጀመርኩ።